የኋላ ወንበር

ዓርብ ጠዋት ሙሉዬ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ፣ የወንድሟ ሚስት ብርቱካን የልጆቹን የኮንትራት ባጃጅ እንዳሰናበተችው ለባሏ ስትነግረው በወጥ ቤቱ መስኮት ሰማች። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቧንቧውን ብትከፍተው ድምፁ ወሬውን ሊሸፍንባት ነው፤ ባትከፍተው ዓይኗ ሊቃጠል ነው። ሙሉዬ መቃጠሉን መረጠችና ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆመች።

«ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ ብዬዋለሁ» አለች ብርቱካን። «መኪናው ዛሬ ነገ ይገዛ የለ? ሙሉዬ ጠዋት ልጆቹን ጣል ታደርግና ቢሮዋ ትገባለች። ቅዳሜ ገበያ ታደርሰኛለች፣ እሁድ እማዬን ቤተክርስቲያን።»

«ለሷስ ነግረሻታል?» አለ ተፈራ።

«ምን ይነገራታል? እሷስ ብትሆን ብቻዋን የት ትሄድበታለች?»

ወንድሟ ምን ይል ይሆን ብላ ሙሉዬ ጠበቀች። የሻይ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ወንበር ተጎተተ፤ ከዚያ ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ። በቃ፣ ያ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም እንደሱ ለስላሳ ወንድም ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ግን ሚስቱ ፊት ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው፣ በተለይ ነገሩ የሙሉዬ ሲሆን። ሙሉዬ ዓይኗን ተለቃልቃ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በወጥ ቤቱ በር ስታልፍ «እንዴት አደራችሁ» አለች። ብርቱካን ፈገግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉዬ፤ ሻይ ልቅዳልሽ?» አለቻት። ፈገግታው የውሸት አልነበረም። ነገሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው፤ ብርቱካን ማንንም የበደለች አይመስላትም።

ሙሉዬ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን የኖረችው እዚሁ ታቦር ሰፈር፣ በወንድሟ ግቢ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ትይዛለች። ሁለተኛው ወንበር የቅድስት ነው። ቅድስት የተፈራ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ መጥታ የቤት ሥራዋን አክስቷ ዘንድ ትሠራለች። ሙሉዬ ቀኑን የምትገፋው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት፣ የሌላ ሰው ዶሴ ስታወጣና ስትመልስ ነው። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ይጠይቋት የነበሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ትተውታል፤ እሷም ይህን ከጥያቄው የባሰ ሆኖ አግኝታዋለች። መንጃ ፈቃድ ግን አላት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ ሳትጨብጥ በየጊዜው እያሳደሰች አኑራዋለች። ዲላ ያለው የወላጆቻቸው ቤት ሲሸጥ ተፈራ በድርሻው ሳሎኑን አሰፋ። ሙሉዬ ድርሻዋን ባንክ አስቀመጠችና፣ ሁለት ወር ከአሠልጣኝ ጋር ተለማምዳ፣ አንድ ቀን እራት ላይ «መኪና ልገዛ ነው» አለች። ብርቱካን ከመቀመጫዋ ተነስታ እልል አለችላት። ያን ሌሊት ሙሉዬን ደስታው እንቅልፍ ነሳት፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት በስሟ እልል ሲባል የመጀመሪያው ነበርና። እልልታው ለማን እንደነበረ የገባት ዛሬ ጠዋት ቧንቧው ሥር ነው።

ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ነበር። መኪናውን ያገኘችው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ነጭ ዲኤክስ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የተሠራ፣ ፎቶው ከፊት ለፊት ብቻ የተነሳ። መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው እንደ ሚስት ፈላጊ ሽማግሌ አስከትሎ ነው የሚሄደው። የሙሉዬ ሽማግሌ ጋሽ አሰፋ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታቸው መካኒክ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ያገለገለ መኪና ሁሉ ሌባ መስሎ የሚታያቸው ሰው። መሃል ከተማ ተገናኝተው ባጃጅ ይዘው ወደ ባህል አዳራሽ ሰፈር ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ጋሽ አሰፋ ስለ ጎማ ዋጋ ሲያወሩ ሙሉዬ «አዎ፣ እውነትዎን ነው» እያለች የጠዋቱን ወሬ ታመነዥካለች። ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን። ዓርብን እንኳ አልተዉላትም፤ ዓርብም ትምህርት አለ።

ባለ መኪናው ናትናኤል ይባላል። ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው፤ ለሠርግና ለምርቃት ድምፅ ማጉያ ያከራያል። መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ በጨርቅ ይወለውለዋል። ሙሉዬ ስታየው ክው አለች። መኪናው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ የተቀመጠ ይመስላል፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ቸርኬው ያብረቀርቃል፤ መሪው ወጥቶ በትንሽዬ ክብ መሪ ተተክቷል፤ ሆዱ ሥር ሰማያዊ መብራት ተዘርግቶለታል። ዛፉ አናት ላይ የሰፈሩት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ብቻ ናቸው ያልተገረሙት።

«ማዘር፣ ይሄን ተራ ዲኤክስ እንዳይመስልዎት» አለ ናትናኤል። «ሁሉንም በእጄ ነው የሠራሁት። ሳውንዱ ብቻ ሁለት መቶ ሺህ በልቷል። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሺህ ያልኩት እንደ እናት አይቼዎት ነው።»

«እሷ የምትፈልገው መኪና ነው፣ የሠርግ ድንኳን አይደለም» አሉ ጋሽ አሰፋ፤ ኮፈኑን አስከፈቱ።

 ጋሽ አሰፋ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በጣታቸው እየተከተሉ አመሳከሩ። ጋዜጣ አንጥፈው ሆዱ ሥር ሊገቡ ሞከሩ፤ መኪናው ስለማያስገባ በክሪክ አስነሱት። ሲወጡ ልብሳቸውን አራግፈው ሙሉዬን ወደ ጎን ወሰዷት። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ልጄ። ማመን አቅቶኝ ሁለቴ ነው የሰማሁት። ልጁ ያበደው በጌጡ ነው እንጂ ሞተሩን አልነካም። ሞላው ተቆርጧል፣ እሱን እኔ አሠራልሻለሁ፤ ያለዚያ የታቦርን ኮብልስቶን አትችይውም። መስታወቱን ታስልጪዋለሽ፤ መሪውም ይቀየራል።» ይህን እያሉ የኋላውን በር ከፈቱና ቀጥ ብለው ቀሩ።

የኋላ ወንበር የለም። ወንበሩ መሆን በነበረበት ቦታ ከበር እስከ በር በጥቁር ምንጣፍ የተለበጡ የድምፅ ሳጥኖች ተገጥግጠዋል፤ ለሰው ቀርቶ ለዘንቢል የሚሆን ክፍተት አልተረፈም።

«ወንበሩስ?» አሉ ጋሽ አሰፋ።

«ቤት ነው።»

«ቤት ምን ይሠራል?»

«እንቀመጥበታለን» አለ ናትናኤል፣ ትንሽ አፈር ብሎ። «ቦሎ ሲደርስ ሳጥኖቹን አወጣና ወንበሩን አስገብቼ አስመረምራለሁ። ተለጣፊዋን ስቀበል መልሼ ቤት አስገባዋለሁ። አራት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።»

ጋሽ አሰፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሉ እንግዲህ፣ ሳጥኖቹ ይውጡ፣ ወንበሩ ይመለስ፣ ዋጋውም ስምንት መቶ ሃምሳ ይሁን፣ ያኔ ደንበኛ የቤተሰብ መኪና ይሆናል አሉ። ናትናኤል ብዙ ካንገራገረ በኋላ ተስማማ፤ ሳጥኖቹን ለብቻቸው የሚገዛው ሰው አያጣም፤ ወንበሩን መግጠም ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተመታቱ። ሙሉዬ ግን የኋላውን በር ይዛ ቆማለች። የቤተሰብ መኪና የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ወንበሩ ከገባ ሰኞ ጠዋት ሦስት ልጆች ይቀመጡበታል፤ ቅዳሜ ከረጢት፣ እሁድ የብርቱካን እናት ከነምርኩዛቸው። እሷ ከፊት ሆና የተነገራት ቦታ ታደርሳቸዋለች፣ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች፣ ትመልሳቸዋለች። በደመወዝ የሚሠራ ሹፌር እንኳ የዕረፍት ቀን አለው። ወንበሩ ካልገባ ደግሞ… ሙሉዬ ሳጥኖቹን በመዳፏ ዳሰሰቻቸው፤ ጠንካራና ለስላሳ ነበሩ። ደስ አላት። ደስ ማለቷን ስታውቀው ደግሞ አፈረች። በጉልበቷ ያሳደገቻቸው ልጆች ናቸው እኮ።

«ወንበሩን ልየው» አለች።

የናትናኤል ቤት እዚያው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ የተደራረቡ ሰሃኖች፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ የመኪናው ወንበር። ናትናኤል የእንጨት እግር ሠርቶለታል፤ ሚስቱ ማህሌት ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ከዳንቴሉ ጫፍ የቀበቶው ማሰሪያ ብረት ሾልኮ ይታያል። ማህሌት እዚያ ላይ ሆና ጨቅላዋን ታጠባለች። ልትነሳ ስትል ሙሉዬ «በሞቴ፣ አትነሺ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትከሻዋን ያዘቻት። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ጋሽ አሰፋና ናትናኤል ደጅ ቀሩ፤ ሙሉዬ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን አድርገው፣ ሹፌር የሚጠብቁ መንገደኞች ይመስሉ ነበር።

ማህሌት ወሬ የናፈቃት ልጅ ናት፤ ሳትጠየቅ ተናገረች። ከወለደች ወር አልሞላትም። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ባሏ በዚያ በሚያብረቀርቅ መኪና መጣ፤ እሷ ከፊት ተቀመጠች፤ ጎንበስ ማለት አቅቷት ልጁን ማቀፍ ስላልቻለች እናቷ ሕፃኑን ይዘው በባጃጅ ከኋላ ተከተሉ። «መንገዱን ሁሉ አንገቴን አዙሬ ባጃጁን ስፈልግ ነበር፣ እትዬ» አለች። «በዚያ ጥቁር መስታወት ምን ይታያል? እቤት ስንደርስ አለቀስኩበት። ወይ እኛ ወይ ስፒከርህ አልኩት። እሱ ሳጥኖቹን ከማፍረስ መኪናውን መሸጥ ቀለለው።» ሳቀች። «ልሸጠው ነው ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። ወንበሩ አብሮ ይሄዳል ብዬ ግን አላሰብኩም፤ ከአልጋው ሌላ የምቀመጥበት የለኝም።» ይህን ብላ ሕፃኑን ሙሉዬ ጭን ላይ አኖረችላትና ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።

ሕፃኑ ወተት ወተት ይሸታል። ክፍሏ ጠባብና ሞቃት ናት። ከደጅ ጋሽ አሰፋ ስለ ካርቡሬተር ሲያስረዱ፣ ናትናኤል «እሺ ፋዘር» ሲል ይሰማል። ሙሉዬ መነሳት አልፈለገችም። አንድ ሰው ምንም ሳይፈልግባት፣ ሳያዛት፣ እንዲሁ አጠገቧ ቁጭ ካለ ስንት ጊዜው እንደሆነ አሰበች፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ደብተር ይዛ ከምትቀመጠው ከቅድስት በቀር ማንም አልመጣላትም።  ውሃውን ተቀብላ ጠጣች፤ ብርጭቆውን መለሰች፤ ከዚያ «ወንበሩ እዚሁ ይቀመጥ» አለች።

ማህሌት ሳመቻት። ልጅዎን ይዳሩ፣ ቤትዎ ይሙላ፣ እያለች መረቀቻት፤ ሙሉዬም ልጅ የለኝም አላለችም። ምርቃቱን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች፤ ለሕፃኑም ለአራሷም ብላ እንዳላደረገችው ልቧ ያውቃልና። ደጅ ስትወጣ ሳጥኖቹም ከመኪናው ጋር እንዲሆኑ፣ ዋጋው ዘጠኝ መቶ እንዲሆን ተስማማች። ጋሽ አሰፋ ጮሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ያለ ኋላ ወንበር መኪና ምን ይባላል? ወንድምሽ ምን ይለኛል?»

«የምነዳው እኔ ነኝ፣ ጋሽ አሰፋ።»

«መንዳቱንማ… ታዲያ ልጆቹስ?»

ሙሉዬ ወደ መኪናው አመራች። ጋሽ አሰፋም ትንሽ አይተዋት፣ ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ተከተሏት።

ናትናኤል የዕዳ ማጣሪያውን አስቀድሞ አውጥቶ ስለነበር ውሉን ለመፈራረም ከሰዓት ውልና ማስረጃ ገቡ። ባለትዳር ሲሸጥ ሚስት መፈረም አለባትና ማህሌት ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ፣ እናቷን አስከትላ መጣች። እናቷ ሕፃኑን ይዘውላት እሷ ፈረመች፣ ባሏ ፈረመ፤ የመፈረሚያው ጠረጴዛ በነሱ ወገን ሞላ። በገዢ በኩል ሙሉዬ ለብቻዋ ጎንበስ ብላ ፈረመች፤ ከኋላዋ ምስክሯ ጋሽ አሰፋ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ባለቤትዎ አልመጡም?» አለቻት። «የለም» አለች ሙሉዬ፤ ጸሐፊዋም የት እንደሌለ ሳትጠይቅ ማህተሙን አሳረፈች።

ጋሽ አሰፋ እስከ መሃል ከተማ አጠገቧ ተቀምጠው ማርሽ ሲያስቀይሯት ቆይተው፣ «በርቺ፣ ፍሪሲዮኑን አትጭኚው» ብለው ወረዱ። ከዚያ ብቻዋን ሆነች። ትንሹ መሪ እጇን ይሞላል። ፒያሳ ላይ ወጣቶች ዞረው አዩ፤ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ማን እንዳለ አልታያቸውም፤ አንዱ አውራ ጣቱን ቀሰረላት። ሙሉዬ ሳቀች። ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀችና በድምፅዋ ደንግጣ አቆመች። የታቦር ዳገት ላይ ኮብልስቶኑ አጥንቷን አንድ በአንድ ቆጠረላት። በሩ ላይ ስትደርስ ክላክስ ነካች፤ ለካስ ናትናኤል እሱንም ቀይሮታል፣ እንደ ጭነት መኪና አምባረቀ። የጎረቤት ውሾች ጮሁ።

ተፈራ በሩን በርግዶ ከፈተ፤ ሙሉዬ መኪናውን ግቢ አስገባች። ብርቱካን እጇን እያደራረቀች ከወጥ ቤት ወጣች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች እየሮጡ መጡ፤ ቅድስት ደረጃው ላይ ቆመች። «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» አለች ብርቱካን፤ ልጆቹ ቸርኬውን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ብርቱካን የኋላውን በር ከፈተች። በሩን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ወንበሩስ?»

«የለውም» አለች ሙሉዬ ከመሪው ሳትነሳ።

«እንዴት የለውም? ታዲያ ልጆቹስ? እኔ እኮ ባጃጁን አሰናብቼዋለሁ!»

«ሳትጠይቂኝ።»

 ብርቱካን ወደ ባሏ ዞረች። ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሳጥኖቹን አየ፣ መሬቱን አየ፣ በመጨረሻ «ወንበር ማስገባት ይቻላል፣ እኔ ጋራዥ የማውቀው ሰው አለ» አለ። እጁን ለቁልፉ ዘረጋ፤ ሰኞ አሠርቼ አመጣልሻለሁ የሚል እጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ሙሉዬ እጁን አየችው። የሳሎኑን ምንጣፍ ሲገዛ፣ የልጆቹን ዩኒፎርም ሲያሰፋ፣ የብርቱካንን እናት መድኃኒት ሲያመጣ ለብር ወደሷ የተዘረጋ እጅ ነበር፤ አንድም ቀን ባዶውን መልሳው አታውቅም።

«መቻሉን አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አለች። «አልፈልግም።»

 ተፈራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን አያት፣ የተቆጣ አይመስልም፣ የማያውቀውን ሰው የሚያይ ነው የሚመስለው፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባ። ብርቱካን የኋላውን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። «ይሁን። ራስሽን ቻልሽ ማለት ነው» አለች፤ ወንዶቹን በትከሻቸው ይዛ እየገፋች አስገባቻቸው። ቅድስት ብቻ ቀረች። ሙሉዬ የልጅቷን ዓይን ስታይ ለካስ ቀኑን ሙሉ የቀረውን አንድ ወንበር ለማን እንደያዘችው ገባት። ከጎኗ ያለው መቀመጫ የማንም አልነበረም፣ የቅድስት ነበር። ወደ ጎን ተንጠራርታ የፊተኛውን በር ከውስጥ ከፈተችው፤ በሩ በግቢው ዘቅዛቃ መሬት ምክንያት ወለል ብሎ ተከፈተ።

«ነይ ቅድስትዬ፣ ሐይቁ ጋ ደርሰን እንምጣ» አለች።

ልጅቷ ከደረጃው ሁለት እርምጃ ወረደች። ከሳሎኑ መስኮት መጋረጃው ተገልጦ እናቷ ቆማለች፤ አልጠራቻትም፣ ቆማለች ብቻ። ቅድስት መስኮቱን አየች፤ ክፍት የሆነውን በር አየች። የነጠላ ጫማዋን አፍንጫ መሬት ላይ አሽከረከረች።

«የቤት ሥራ አለብኝ፣ አክስቴ» አለች።

ዓርብ ነበር። የቤት ሥራ ካላትም ሁለት ሙሉ ቀን አላት። ሙሉዬ ልጅቷን አብጥራ ታውቃታለች፤ ቅድስት ዋሽታት ግን አታውቅም፤ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው፤ በትልቅ ሰው ቃል፣ በይሉኝታ፣ እንዳይከፋት ብላ የዋሸቻት ውሸት። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ሥሪ» አለቻት። ቅድስት ደረጃውን ወጥታ በሳሎኑ በር ገባች፤ መጋረጃውም ተመለሰ።

ሙሉዬ የፊተኛውን በር ልትዘጋ ተንጠራራች። መሬቱ ዘቅዛቃ በመሆኑ ወለል ብሎ ስለሄደ እጇ አልደረሰበትም። አንድ ሰው በዚያ በኩል ቢያልፍ ገፋ አድርጎ ይዘጋላት ነበርና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች። ከቤት ውስጥ የሰሃን ድምፅ ይሰማል፤ እራት እየቀረበ ነው። ከዚያ ወረደች፣ በመኪናው ፊት ዞራ ሄደች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው።